የመጀመሪያው መጽሐፍ በራሱ ይመዘን

(ደሴ ውስጥ ለንባብ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር። ለጽሑፍ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን በጉም ውስጥ ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ። ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሳላስረዝም ልጀምር።

የማወራው ብዙዎቻችሁ በዚህ ክረምት ስላነበባችሁት፣ አንዳንዶቻችሁም ጀምራችሁ ስለተዋችሁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ርዕሱ «ዘ አይ ኦፍ ዘ ወርልድ» ይባላል። ደራሲው አሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ወደ 800 ገጽ ይጠጋል። ያም ሆኖ ገና መጀመሪያው ነው። «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የሚባለው ተከታታይ ዋናው ታሪክ 14 ቅጽ አለው። ጆርዳን ሥራውን ሳይጨርስ በ2007 አረፈ። የተወውን ማስታወሻና የጻፋቸውን ክፍሎች ይዞ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ሌላ ደራሲ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች ጻፈ። የመዝጊያው ቅጽ በ2013 ወጣ።

እንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ኤፒክ ፋንታሲ ይባላል። በዓለም ካርታ ላይ የሌለ አገር ይፈጠራል። አገሩ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ነገሥታት፣ የራሱ አስማትና የራሱ ትንቢት ይኖረዋል። አንባቢው እንግዳ ሆኖ ይገባል፤ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ ሥራው ከባድ ነው። አገሩን ማስተዋወቅ አለበት፣ ሰዎቹን ማስወደድ አለበት፣ ታሪክም መንገር አለበት። ሦስቱም እኩል አይሳኩም። የአንባቢ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መጽሐፉ በእጃችሁ ሲዞር ከርሟል። ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥም፣ ሚኒባስ ውስጥም፣ መንገድ ላይ አስቁማችሁኝም አስተያየታችሁን ነግራችሁኛል። አንዳንዶቻችሁ በስልክ ነው ያነበባችሁት። የወረቀቱ ቅጂ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። ትናንት ማታ ሳገላብጠው ጠርዛቸው የታጠፉ ገጾችን አየሁ። እጥፋቱ የሚበዛው ከአምስተኛው ምዕራፍ በፊት ነው። እዚያ ላይ ብዙ ሰው አርፏል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ርቀት አንድም የታጠፈ ገጽ የለም። እጥፋት በሌለበት ግን የወጥና የቡና ጠብታ አለ። እየበላም ያልተወው ሰው እንደነበረ ያስታውቃል።

ያላችሁኝን ሁሉ ሳሰላስል አንድ አስተያየት ከነከነኝ። ተከታታዩን እስከ መጨረሻው ያነበቡ ወዳጆቻችን የሚሉት ነው። «ታገሡ እንጂ! አራተኛው ቅጽ ላይ ስትደርሱ ታያላችሁ» ይላሉ። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። የወደዱትን ነገር ሌላውም እንዲወድላቸው ነው። ግን ይህ መከላከያ አይሆንም። አንባቢ 800 ገጽ ሲያነብ ከእንቅልፉ ቀንሶ፣ ከሥራው ሰርቆ ነው። መጽሐፉ ዋጋውን እዚያው 800 ገጽ ውስጥ ሊከፍለው ይገባል። በዱቤ አይሆንም።

ደግሞስ ይህ መጽሐፍ ዱቤ አያስፈልገውም። ያለውን እጁ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ወዳጆቹ ሁልጊዜ ወደ ፊት እየጠቆሙ እሱን ራሱን ያሳንሱታል። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ነው። ጥሩውን ጥሩ፣ ያልተሳካውን ያልተሳካ እያልን፣ ይህን አንድ መጽሐፍ በራሱ እንመዝነው።

ከሁሉ በላይ የሰማሁት ወቀሳ «ይጎተታል» የሚለው ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። ራንድ የሚባል ወጣት ከአባቱ ከታም ጋር ወደ መንደራቸው እየወረደ ነው። ቤላ የምትባል ፈረስ ጋሪ ትጎትታለች። ጋሪው ላይ ለበዓል የሚሆን የፖም መጠጥ በበርሜል ተጭኗል። ብርዱ አልወጣ ብሏል፤ የመዝሪያው ጊዜ ዘግይቷል። ራንድ ወደ ኋላው ዞር ሲል ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረሰኛ ያያል። ነፋሱ የራንድን ካባ ሊወስደው ይታገላል። የፈረሰኛው ካባ ግን ንቅንቅ አይልም። አባቱን ጠርቶ እንደገና ሲያይ መንገዱ ባዶ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ከዚያ መንደር ይገባሉ። የመንደሩ ምክር ቤት ወንዶች ይጨቃጨቃሉ። የሴቶቹ ማኅበር የራሱን ይመክራል። ስለ ጣሪያ፣ ስለ ዘር፣ ስለ በዓሉ ይወራል። ዕቃ ሻጩ በጋሪው ይመጣል፤ ከዕቃው ይልቅ ወሬው ይሻማል። ራንድና ጓደኞቹ ማትና ፔሪን ርችት ይኖር ይሆን እያሉ ይቋምጣሉ። ብዙዎቻችሁ ገጹን ያጠፋችሁት እዚህ ነው። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ መንደሩን አወቅሁት፤ አሁን ምን ይደረግ?» ብሎኛል።

የሚደረገው አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ትሮሎክ የሚባሉ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ፍጡራን ራንድና አባቱ ወደተመለሱበት የእርሻ ቤት ይመጣሉ። የራንድን አባት ያቆስላሉ። ራንድ ከጋሪ እንጨትና ከብርድ ልብስ ቃሬዛ ይሠራል። በጨለማ፣ በጫካ ውስጥ አባቱን እየጎተተ ወደ መንደር ይሄዳል። መንገዱን ትቶ በዛፎቹ መካከል ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ላይ እነሱ አሉ። አባቱ በትኩሳት ይቃዣል። ልጁ ዝም እንዲል ይለምነዋል፤ ድምፅ ከተሰማ ያልቃሉ። ግን አባትየው በቅዠቱ መካከል አንድ ነገር ይናገራል። ልጁ በዚያ ሌሊት ከትሮሎኮቹ ይልቅ ያን ነገር ይፈራል። ምን እንደሆነ ላልደረሳችሁት አልነግራችሁም።

ጆርዳን በቬትናም ጦርነት የተዋጋ ሰው ነበር። በሄሊኮፕተር ላይ መትረየስ ተኳሽ ነበር። ይህን ሳውቅ ያ ሌሊት ለምን እንዲህ እንደተጻፈ የገባኝ መሰለኝ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ጀግንነት የሚባል ነገር የለም። የደነዘዘ እጅ አለ፣ የደረቀ ጉሮሮ አለ፣ ቃሬዛው ድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አለ። ሲነጋ መንደሩ ነዷል።

አሁን እጠይቃችኋለሁ። ያን መንደር ቀስ ብለን ባናየው ኖሮ የተቃጠለው ምን ይሆን ነበር? የማናውቀው ሰው ቤት ይሆን ነበር። ያን ሁሉ ጭቅጭቅ ስለሰማን፣ የጣሪያ ሠሪውን ምላስ ስለቀመስን ነው ጭሱ የሚከነክነን። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቡ። በዛብህና ሰብለ እስኪገናኙ ድረስ ስንት ገጽ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ እናነባለን? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገር ሥራ ፈትቶ ነበር የሚያዳምጠው። ይጎተታል ያለ አልነበረም። ስለዚህ ዝግታ ብቻውን ጥፋት አይደለም።

ይህን ስል ግን የእናንተን ድካም እያጣጣልኩ አይደለም። አንድ እውነት አለ። ይህ መጽሐፍ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው የአንድ ቀሚስ ገለጻ ግማሽ ገጽ ሲሆን ድካሙ እጥፍ ነው። ጆርዳን ልብስ መግለጽ ይወዳል። ጥልፉን፣ ቁልፉን፣ ቀለሙን ሁሉ ይነግረናል። መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። አብሽሩ፤ ልብሱን ዝለሉት። ምንም አይጎድልባችሁም። ስሞቹ ከጠፉባችሁ ደግሞ ከመጽሐፉ ጀርባ መፍቻ አለ። ብዙዎቻችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ያገኛችሁት።

የማይሰርይ ዝግታም አለ። ከመካከሉ በኋላ ራንድና ማት ወደ ኬምሊን ከተማ በእግር የሚሄዱበት ክፍል ነው። ማታ ማታ ማደሪያ ቤት ውስጥ ራንድ ዋሽንት ይነፋል፣ ማት ኳስ እየወረወረ ይቀልባል፣ በዚያ እራትና መኝታ ያገኛሉ። አንዱ ማደሪያ ከሌላው ጋር ይምታታል። የጊዜው ቅደም ተከተልም እዚያ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚል ሁለቴ አንብባችሁ የተናደዳችሁ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም እዚያ ላይ የሚቆረጥ ብዙ ገጽ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ወቀሳ «የቶልኪን ግልባጭ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «ዘ ፌሎሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ» ያነበቡ ናቸው። ያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሰላማዊ ገጠር፣ ጥቁር ፈረሰኛ፣ ምሥጢር የምታውቅ መሪ፣ የሚሳደዱ ወጣቶች፣ በየመንገዱ ማደሪያ ቤት። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ አይካድም። ጆርዳን ራሱ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሆነ ብሎ ያን ስሜት እንዲሰጡ እንደጻፋቸው ተናግሯል። አንባቢው የሚያውቀው በር እንዲመስለውና እንዲገባ ነው።

ከገባ በኋላ ግን ቤቱ ሌላ ነው። ትልቁ ልዩነት መሪዋ ላይ ነው። ወጣቶቹን ከመንደር የምታወጣቸው ሞሬን ናት። አይዝ ሰዳይ ከሚባሉት ኃይል ካላቸው ሴቶች አንዷ ናት። በቶልኪን መጽሐፍ ውስጥ መሪውን ሁሉም ያምነዋል፤ አንባቢውም ያምነዋል። ሞሬንን ግን ማንም ሙሉ በሙሉ አያምናትም። ታድናቸዋለች፣ ቁስላቸውን ትፈውሳለች፤ ግን ለማን ብላ እንደሆነ አይታወቅም። የራሷ ማኅበር አላት፤ ማኅበሩ የራሱ ዓላማ አለው። ከዚህ ላይ ደግሞ አይዝ ሰዳዮች ውሸት አይናገሩም። በመሐላ ታስረዋል። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ይጠራጠራቸዋል? እውነት እየተናገሩ ማሳት ስለሚችሉ ነው።

ይህን ክፍል ከሌላ አገር አንባቢ ይልቅ እኛ ቶሎ የምንይዘው ይመስለኛል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው የተነገረው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ የተባለው ነገር ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። አንድ አዛውንት አባታችን የሞሬንን ንግግር ሁሉ እያሰመሩ ነው ያነበቡት። «ይህቺ ሴትዮ ቅኔ ታውቃለች» አሉኝ። እሳቸው ያሰመሩባቸውን መስመሮች መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ አነበብኳቸው። እውነታቸውን ነው። ሞሬን የተጠየቀችውን ጥያቄ ሳይሆን የጎኑን ትመልሳለች፤ ልጆቹም መልስ ያገኙ መስሏቸው ይሄዳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ የመጽሐፉ ዋና ጉልበት ነው። ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

በዚህ ዓለም ውስጥ ጊዜ ይዞራል። ዘመናት ያልፋሉ፣ ይረሳሉ፣ ይመለሳሉ። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እያልን በየአራት ዓመቱ ለምንመለስ ሰዎች ይህ አይከብድም። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ድራጎን የተባለ ታላቅ ሰው ጨለማውን አስሮ ዘጋው። ሲዘጋው ግን ወንዶች የሚጠቀሙበት ኃይል ተበከለ። ኃይሉን የነካ ወንድ ሁሉ አበደ። ያበዱት ወንዶች ተራራ ነቀሉ፣ ባሕር አዛወሩ፣ ዓለምን አፈረሱ። ድራጎኑ ራሱ በእብደቱ ሚስቱንና ልጆቹን ፈጀ። የመጽሐፉ መቅድም በዚያ በፈረሰ ቤት ውስጥ ነው የሚከፈተው። እሱ ሬሳ መካከል እየተዘዋወረ ሚስቱን ይጣራል።

ትንቢቱ ይህ ሰው ተመልሶ ይወለዳል ይላል። ያለ እሱ ዓለም አትድንም። እሱ ሲመጣ ደግሞ ዓለም ትፈርሳለች። ስለዚህ ሕዝቡ ይጠብቀዋል፣ ይፈራዋልም። እኔ ነኝ የሚሉ ይነሣሉ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሎጌን የሚባል አንዱ ተይዞ፣ ጋሪ ላይ በተጫነ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ኬምሊን ከተማ ውስጥ ሲያልፍ እናያለን። ሕዝቡ ለማየት ይጋፋል። ግማሹ ይሰድባል፣ ግማሹ ይንቀጠቀጣል።

አንዳንዶቻችሁ «የተመረጠው ልጅ» የሚባለው ታሪክ ሰልችቶናል ብላችኋል። ይገባኛል፤ በፊልሙም በመጽሐፉም በዝቷል። ግን እዚህ ያለው ነገር ሌላ ነው። መመረጥ እዚህ መርገም ነው። እኛ ደግሞ የተጠበቀ ሰው ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። «ፍካሬ ኢየሱስ» ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይላል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያን ስም መረጡ። ስሙ ከእሳቸው በፊት በሕዝቡ አፍ ላይ ነበር። መጨረሻቸው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሆነ። መቅደላ የእኛው ደቡብ ወሎ ነው። ወሎ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ለዓመታት ተዋግቷል። ዛሬም ስማቸው ሲነሣ አንዱ ሽማግሌ በአድናቆት፣ ሌላው በቁጭት ይናገራል። ሁለቱንም በአንድ ቤት ውስጥ ሰምቻለሁ።

እና ሰው የሚጠብቁትን አዳኝ ለምን ይፈራሉ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ሲኖር፣ መልሱ ከከተማችን ወጣ ብሎ ተራራ ላይ አለ እላለሁ። ትንቢት የተነገረለት ሰው ከትንቢቱ ጋር መኖር አለበት። በዙሪያው ያለው ሕዝብም ዋጋውን ይከፍላል። ጆርዳን ይህን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ያውቀዋል። ራንድ፣ ማትና ፔሪን የሚፈለገው ከመካከላቸው ማን እንደሆነ ገና ሳያውቁ ሦስቱም «እኔ ባልሆን» እያሉ ይጸልያሉ። ጓደኝነታቸው ውስጥ የገባው ፍርሃት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሻዳር ሎጎት። ይህን ክፍል ያልወደደ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የወጥ ጠብታው የበዛውም እዚያ ነው። ተሳዳጆቹ ጠላት እየቀረባቸው ሲሄድ አንዲት የተተወች ከተማ ይገባሉ። ቤተ መንግሥቱ ቆሟል፣ ምንጮቹ ቆመዋል፣ ሰው ግን የለም። ትሮሎኮች እንኳ ወደዚያ መግባት ይፈራሉ። ሞሬን ታሪኩን ትነግራቸዋለች። ከተማዋ በጥንት ጊዜ አሪድሆል ትባል ነበር። ከጨለማው ጋር ስትዋጋ ተስፋ ቆረጠች። ስለዚህ የጠላትን መንገድ በጠላት ላይ ለመጠቀም ወሰነች። ጭካኔን በጭካኔ፣ ጥርጣሬን በጥርጣሬ። መጀመሪያ ጎረቤት አገሮችን ጠረጠሩ። ከዚያ የራሳቸውን ሰው ጠረጠሩ። በመጨረሻ ጠላት ሳይነካቸው እርስ በርስ ተላለቁ። ከዚያ የቀረው ጉም ነው። ማታ ማታ በየመንገዱ ይሳባል፤ የነካውን ይገድላል።

ጉሙን ሳነብ የጦሳን ተራራ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ደሴ ላይ ያደገ ሰው ጉም መንገድ ለመንገድ ሲወርድ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ ያውቃል። ግን የያዘኝ ጉሙ አልነበረም። የከተማዋ ታሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህች ከተማ አልፏል። ከተማ ሲጨነቅ ሰው በሰው ላይ ዓይኑ እንዴት እንደሚጠብ ለእናንተ አላስረዳም። ወሎ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚበላበት አገር ነው። ያንን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሻዳር ሎጎትን እንደ ተረት አያነበውም። አንዲት እናት ያን ምዕራፍ ለልጃቸው ጮክ ብለው በአማርኛ እየተረጎሙ አነበቡለት። ልጁ ስለ አውሬዎቹ ሳይሆን «ሰዎቹ መጀመሪያ ማንን ጠረጠሩ?» ብሎ ነው የጠየቃቸው።

ማት ከዚያች ከተማ አንዲት ጩቤ ሰርቆ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀልደኛው ልጅ ቀስ በቀስ ተጠራጣሪ ይሆናል። ጓደኛውን ሳይቀር በጎን ማየት ይጀምራል። ብዙዎቻችሁ «ማት አናደደኝ» ብላችኋል። ማናደዱ ትክክል ነው። የከተማዋ በሽታ በአንድ ልጅ ውስጥ ሲያድግ እያየን ነው። ለ14 ቅጽ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር እዚሁ ተሠርቷል።

ስለ ሴቶቹ ገጸ ባሕርያት በጣም ተከራክራችኋል። ክርክሩ ያረፈው ናይኒቭ ላይ ነው። ናይኒቭ የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ ናት። ልጆቹ ሲጠፉ ብቻዋን ተከትላ ትደርስባቸዋለች፤ የሠለጠነ ተዋጊ ሊያገኘው የሚቸግረውን ዱካ ታገኛለች። ነገር ግን ትቆጣለች። ስትቆጣ ጉንጉኗን ይዛ ትጎትታለች። ወንዶቹ አንባቢዎች «ሁልጊዜ ቁጣ፣ ሁልጊዜ ጉንጉን» እያሉ ያማርራሉ። መደጋገሙ እውነት ነው፤ ደራሲው አንድ ምልክት ካገኘ አይለቅም።

ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ እህታችን ግን ሌላ ነገር አየች። ናይኒቭ ለዚያ ሥራ ልጅ ናት የሚሏት ብዙ ናቸው። የምክር ቤቱ ወንዶች በዕድሜዋ ይንቋታል። የመንደሩ ሕፃን ሲታመም ግን የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። ኃላፊነቱ ሙሉ፣ ክብሩ ጎዶሎ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የቆመ ሰው በምን ድምፅ እንዲናገር ትፈልጋላችሁ አለችን። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ሳገላብጥ ናይኒቭ የምትቆጣባቸውን ቦታዎች አየሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትቆጣው አንድ ሰው ሊጎዳባት ሲል ነው። የጆርዳን አርታኢ ሚስቱ ሃሪየት ማክዱጋል ነበሩ። ይህ ሴቶቹን በደንብ ጽፏል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ናይኒቭን ግን በደንብ ጽፏል እላለሁ። ከልጆቹ ጋር ከመንደር የወጣችው ኤግዌን ግን በዚህ ቅጽ ገና ጥላ ናት።

ቶም የሚባለውን ተራኪ ሳልጠቅስ አላልፍም። ከመንደር መንደር እየዞረ ተረት የሚናገር፣ በገና የሚደረድር፣ ወሬ የሚያመጣ ሰው ነው። ወሎ የቅኝት አገር ነው። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከእኛው ቀዬ ነው የያዙት። ስለዚህ ቶም ሲገባ ሁላችሁም አዝማሪውን አወቃችሁት። እሱ ካለበት ክፍል ማንም ገጽ አላጠፈም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ በኩል ወደ መጽሐፉ የመጣችሁም አላችሁ። እዚያ ፔሪን ባለትዳር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሚስት የለውም። ሁለቱን አታወዳድሩ፤ ሌላ ሥራ ነው።

የቀረው መጨረሻው ነው። እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ወዳጆች ጋር እለያያለሁ። ታሪኩ ለሰባት መቶ ገጽ በእግሩ ይሄዳል፣ ማደሪያ ለማደሪያ፣ ወንዝ ለወንዝ። ከዚያ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ድንገት ይሮጣል። ስማቸውን በደንብ ያላወቅናቸው ጠላቶች ይመጣሉ። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ፍጡር፣ አዲስ ኃይል በጥቂት ገጽ ውስጥ ይታያል። ራንድ አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል። ምን እንዳደረገ፣ የት ሆኖ እንዳደረገው ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ። ሁሉም በጥንቃቄ ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

ምክንያቱ ይመስለኛል፣ ደራሲው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሊያደርግ ሞክሯል። መጽሐፉ ራሱን የቻለ መደምደሚያ እንዲኖረው ፈልጓል። ለሚቀጥለውም በሩን ክፍት መተው ነበረበት። ሁለተኛው ቅጽ «ዘ ግሬት ሀንት» እዚያው 1990 ውስጥ ነው የወጣው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት መደምደሚያው ተጨናነቀ። ወዳጆቹ «በኋላ ይብራራል» ይላሉ። ይብራራል፤ እውነት ነው። ግን እኔ የምመዝነው ይህን ቅጽ ነው። በዚህ ቅጽ ውስጥ አልተብራራም፤ ድሉም ያን ሁሉ መንገድ የሚመጥን ሆኖ አልተሰማኝም።

እንደዚያም ሆኖ ከመጨረሻው ጦርነት በኋላ ያለችውን አጭር ክፍል ልብ በሉ። ራንድ ምን እንደሆነ አውቋል። ደስ አላለውም። ኃይሉን ዳግም ላለመንካት ይወስናል። ማንንም ላለመጉዳት ሰው ወደሌለበት ለመሄድ ያስባል። ጓደኞቹ ያዩታል፣ እሱም ያያቸዋል። ሌላ ደራሲ እዚያ ላይ መለከት ያስነፋ ነበር። ጆርዳን የፈራ ልጅ አሳየን። ለዚያች ክፍል ስል የተቻኮለውን ጦርነት ይቅር እለዋለሁ፤ ግን ተቻኩሏል ማለቴን አልተውም።

ገጹን አጥፋችሁ ለተዋችሁት የምለው አንድ ነው። እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ አንብቡ። ያ የጫካ ሌሊት ካልያዛችሁ መጽሐፉ የእናንተ አይደለም፤ ያለ ጸጸት ተዉት። ማንም «አራተኛው ላይ ታያለህ» እያለ አያስጨንቃችሁ። ከያዛችሁ ግን እስከ ሻዳር ሎጎት ድረስ ማንም አያስቆማችሁም።

የመጀመሪያውን ቃል ለነርሷ እህታችን እሰጣለሁ፤ ስለ ናይኒቭ ያልጨረሰችው ነገር አለ። ቀጥሎ ከኮምቦልቻ የመጣው ወንድማችን ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ሊሞግተኝ ተዘጋጅቷል፤ ገጾቹን ምልክት አድርጎ ይዞ መጥቷል። የሁለተኛው ቅጽ ቅጂ አንድ ነው። መዋስ የምትፈልጉ መዝገቡ ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ በተራ ይደርሳችኋል።